ሲጠሯት የማትሰማ ልጅ

ሾፌሩ ልጁን በጥፊ የመታት ዳቦውን እንድታቀብለው ደጋግሞ ጠርቷት ዝም ስላለችው ነው። ጠዋት ነበር፤ እሱም የእረፍት ቀኑ ነበር። ልጅቷ በአንድ እጇ የሻይ ኩባያዋን እንደያዘች ግድግዳውን ታያለች። ግድግዳው ላይ ደግሞ የሚታይ ነገር የለም፤ ከዝናቡ ወራት የቀረ የእርጥበት ምልክትና አንድ ባዶ ሚስማር ብቻ ነው። አንቺን እኮ ነው አላት፤ አልዞረችም። እጁ አፉን ቀደመው። ጥፊው ያን ያህል ጠንካራ አልነበረም፣ ግን ኩባያው ተገለበጠና የቀዘቀዘው ሻይ በጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ ክው ብላ መጀመሪያ አባቷን፣ ቀጥሎ እናቷን፣ ቀጥሎ የፈሰሰውን ሻይ አየች። ከዚያም «ምን አጠፋሁ?» ብላ ጠየቀች። ሾፌሩን ከዝምታዋ ይልቅ ያንገበገበው ይሄ ጥያቄ ነበር። ሰው አጥፍቶ ዝም ይላል፣ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ያለቅሳል፤ ይቺ ግን ከሰማይ ዱብ እንዳለች እንግዳ ምን አጠፋሁ ትላለች።

ሚስቱ አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ሰዓቷ ደርሷል። ጨርቅ አምጥታ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ የልጅቷን ቀሚስ ቀየረችላት፣ የሥራ ልብሷን ከበሩ ጀርባ አውርዳ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ባሏን አንዴም ቀና ብላ አላየችውም። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው ክፍል ውስጥ ሰው ሲያኮርፍ ሌላኛው ክፍል ድረስ ይሰማል። ጫማዋን ካሰረች በኋላ የሕፃናት ሆስፒታሉን የቀጠሮ ካርድ አውጥታ ባሏ ፊት አስቀመጠችው። እሷ ፈቃድ ጠይቃ እንደተከለከለች፣ ልጅቷን የሚወስደው እሱ እንደሆነ ማታ ተነጋግረው ነበር፤ ያ መነጋገር ከተባለ። የሠፈሩ ጤና ጣቢያ ወጣት ሐኪም ነው ልጅቷን አይቶ ወደ ስፔሻሊስት የላካት። ሾፌሩ እልኸኛ ልጅ በሐኪም ስትድን አላየሁም ብሎ ነበር። ሚስቱ ደግሞ የቀጠሮውን ሰዓት ብቻ ነግራው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አሁንም የልጅቷን ግንባር ሳመች፣ «ከአባትሽ ጋር ደህና ዋይ» አለች፣ ወጣች።

ሾፌሩ ክፉ ሰው አይደለም። የሚነዳው መሐሉ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈውን ረጅሙን የከተማ አውቶቡስ ነው። ጠዋት ጠዋት ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ነፍሰ ጡሯም አንድ ላይ ይታጨቁበታል፤ ያ ሁሉ ነፍስ የተንጠለጠለው በእሱ ዓይንና በእሱ ጆሮ ላይ ነው። አንዴ ሐሳቡ ሸሸት ካለ ምን እንደሚከተል ያውቃል። ስለዚህ በዓለም ላይ ካለ ጥፋት ሁሉ ልብ አለማለትን የሚያህል አይታየውም። ሰው ቢዋሽ ምክንያት ይኖረዋል፣ ቢሰርቅም ቸግሮት ይሆናል፤ ሰው እየጠራህ አለመስማት ግን ከንቀት በቀር ምን ስም አለው ይላል። ሚጣ የሚሏት ልጁ ስምንተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ከዓመት በፊት የተናገሩትን ሁሉ የምትይዝ፣ የአውቶቡሱን ፌርማታዎች በተራ የምትጠራ ልጅ ነበረች። አሁን መምህሯ ሁለት ጊዜ አስጠርታቸዋለች። የቃል ጽሕፈት ሲጻፍ ከየዓረፍተ ነገሩ መሐል ቃላት እየዘለለች፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብቻ አሳምራ እንደምትጽፍ እያሳየች፣ ትችላለች ግን አትፈልግም ብላለች። ወደ መጨረሻው ረድፍ ወስዳ ካስቀመጠቻት ወር አልፏል። ልጆቹም ፈዛዛዋ ብለው ስም አውጥተውላታል።

ወደ ሆስፒታሉ በሚወስዳቸው አውቶቡስ ውስጥ ሾፌሩ እንደ ተሳፋሪ መቀመጥ አያውቅበትም፤ ሌላው ሾፌር ፍሬን በያዘ ቁጥር የእሱም እግር ወለሉን ይረግጣል። ልጅቷ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ መንገድ ሲሻገሩ እጇን አልያዘም፤ ከጠዋቱ ነገር ወዲህ ሁለቱም እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተዋል። የእግረኛው መብራት አረንጓዴ ነበር። እሱ ማዶ ደርሶ ዞር ሲል ልጁ አጠገቡ የለችም። ዜብራው መሐል ላይ ቆማለች፤ አንድ እግሯ ቀደም ብሎ፣ ልትራመድ አስባ የተወችው ይመስል። መብራቱ ተቀየረ። አንድ የዳቦ ማመላለሻ መኪና ጎማው እየጮኸ ከልጅቷ ጉልበት ትንሽ ፈንጠር ብሎ ቆመ። ሾፌሩ ሮጦ በክንዷ ጎትቶ አወጣት። ባለመኪናው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ መንከባከብ ካልቻልክ ለምን ወለድክ ብሎ ሰደበው። ሾፌሩ ራሱ ከመስኮቱ ስንቱን ወላጅ በዚሁ ቃል ሰድቧል። ልጅቷን የእግረኛው መንገድ ላይ አቆማትና መሞት ነው የምትፈልጊው ብሎ ጮኸባት። እሷም ዙሪያዋን አይታ፣ አሁንም እንደ ጠዋቱ፣ «ምን አደረግኩ?» አለችው።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ግድግዳ ላይ ዓሣዎችና አንድ ረጅም ቀጭኔ ተሥለዋል፤ የቀጭኔው አንገት መሐል ላይ የመብራት ቆጣሪ ሳጥን ስለተገጠመበት ራሱ ከሳጥኑ በላይ፣ ትከሻው ከሳጥኑ በታች ቀርቷል። አግዳሚ ወንበሮቹ ሁሉ ሞልተዋል። አንዱ ጋ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱ ጋ አባት ቆሞ እንቅልፍ ያንገላታዋል። ሾፌሩ ጠበብ አድርጋ ቦታ ከሰጠችው ሴት አጠገብ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ከፊቷ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለች ኮረዳ ልጇን አገጭ በመሐረብ ትጠርጋለች። ስንተኛ ጊዜያችሁ ነው ብላ ጠየቀችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ ሁሉም ስለሚጠብቋት ዶክተር ሳታባራ አወራችለት። ዘመዶቿ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት የምትጠጣው ቅጠል እንዳመጡላት፣ ጎረቤት ልጅሽን ደብቂያት እንዳላት፣ ዶክተሯ ግን ልጅቷ በእግሯ ትሄዳለች ብላ እንዳልሸነገለቻት፣ ይልቁንም ማንኪያ መያዝ ትችላለች ብላ፣ ለዚያች ማንኪያ ብቻ ዓመት ሙሉ አብራቸው እንደለፋች ነገረችው። «አሁን ሾርባዋን ራሷ ትበላለች» አለች በኩራት። «ሌላ ቦታ ስሄድ እኔን ነበር የሚያናግሩኝ። እሷ መጀመሪያ ልጄን ነው ሰላም የምትለው።» ሾፌሩ ለትሕትና ያህል ራሱን ነቀነቀ። በሆዱ ግን የዚች ሴትዮ ችግርና የእሱ ችግር ምንና ምን እንደሆኑ አስቦ፣ ይህን ወረፋ መያዙ ራሱ አሳፈረው።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ መስኮቱ ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ይከፈታል። ጠረጴዛው እንደ መዋዕለ ሕፃናት ጠረጴዛ ዝቅ ያለ ነው። ጥግ ላይ አንድ ማሰሮ አለ፤ ውስጡ ከአሮጌ ካሌንደር ተቆርጠው በእንጨት ጫፍ የተሰኩ፣ ሲነፏቸው የሚሽከረከሩ የወረቀት አበባዎች ታጭቀውበታል። ዶክተሯ አጠር፣ ወፈር ያለች፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰቅላ ጠረጴዛው ላይ የምትፈልግ ሴት ናት። ሚጣ ራስዎ ላይ ነው ብላ ጠቆመቻት። «አየሽ፣ እኔም ይጠፋብኛል» አለቻት ዶክተሯና እጇን ዘርግታ ሰላም አለቻት። እሷ የአንጎል ሐኪም መሆኗን ነግራ፣ አንቺስ ምንድን ነሽ ብላ ጠየቀቻት። ሚጣም ተማሪ ነኝ አለች። ሾፌሩ በመንገድ ሁሉ ሲያዘጋጀው የመጣውን ንግግር ሊጀምር ጉሮሮውን ጠረገ። ዶክተሯ እርስዎን በኋላ በደንብ እሰማዎታለሁ፣ ቀጠሮው ግን የእሷ ነው ብላ ከልጅቷ በስተጀርባ ያለውን ወንበር አሳየችው።

ከዚያ ብዙ ጊዜ ስለ ብዙ ነገር ተጨዋወቱ። ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለምትወደው ትምህርት። ዶክተሯ ስትጠይቅ አትቸኩልም፤ ልጅቷ መልሱን ፍለጋ ጣሪያ ስታይ እሷም አብራ ጣሪያ ታያለች። መጨረሻ ላይ ለምን እንደመጣች ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«አዎ» አለች ሚጣ። «ስለማልታዘዝ።»

«ሳትታዘዢ ስትቀሪ ምን ይሰማሻል?»

ልጅቷ አሰበች። «ምንም። ዝም ብዬ ሳለሁ ሰዎች ድንገት ይቆጣሉ።»

የዶክተሯ እስክሪብቶ ቆመ። ማን ማን እንደሚቆጣ ቀስ ብላ ጠየቀች። ሚጣ መምህሯን ጠራች፣ የክፍሏን ልጆች ጠራች፤ እናቴ ግን አትቆጣም፣ ታለቅሳለች አለች። አባቷን ሳትጠራ ቀረች። ዶክተሯ የልጅቷን ግራ ጉንጭ አየች፣ ቀና ብላ ሾፌሩን አየች፤ ወዲያው ዓይኗን መለሰች። ሾፌሩ በዚያች ቅጽበት ከመሰደብ የባሰ ነገር ተሰማው። ይህን ሁሉ ቢሰማም ግን ልጁ ብልጥ ናት፣ ሐኪሟን አሳምናታለች ብሎ ነው ያሰበው። ዶክተሯ ከማሰሮው ውስጥ ቀይ የወረቀት አበባ መዝዛ ሳታቋርጪ ንፊ፣ እኔ በቃ እስክል አታቁሚ ስትላት ደግሞ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። የእረፍት ቀኑን ሰጥቶ፣ ከመኪና አፍ ተርፎ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ የመጣው ወረቀት ሲነፋ ሊያይ ነው።

ሚጣ ነፋች። አበባው ተሽከረከረ። ዶክተሯ በርቺ፣ ጎሽ፣ ሳብ አድርጊና ንፊ እያለች ታበረታታታለች፤ ልጅቷ ጉንጮቿ እስኪቀሉ ትነፋለች። ሾፌሩ መስኮቱን፣ ጄኔሬተሩን፣ የራሱን ጫማ አየ። ከዚያ የአበባው ሹክሹክታ ተቋረጠ። ቀና ሲል አበባው ፍጥነቱን እየቀነሰ ዞሮ ዞሮ ቆሟል። ሚጣ አፏን ለመንፋት እንዳሾለች ደርቃለች። ሽፋሽፍቷ በጣም በስሱ ይርገበገባል፤ ዓይኖቿ ተከፍተዋል፣ ግን ማንንም አያዩም። ዶክተሯ አልደነገጠችም፣ አልተነሳችም። ወደ ልጅቷ ጆሮ ጠጋ ብላ በለሰለሰ ድምፅ «ቢጫ ዣንጥላ» አለች። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞራ በእጇ ምልክት ሰጠችው። «ይጥሯት» አለችው።

ሾፌሩ ልጁን ጠራት። መጀመሪያ እንደ ወትሮው፣ ቀጥሎ ቤት ውስጥ እንደሚቆጣው አድርጎ፣ ቀጥሎ አውቶቡሱ ውስጥ ሲረብሹበት ሁሉንም ጸጥ በሚያሰኝበት ድምፁ ጠራት። ድምፁ ጠባቧን ክፍል አናወጣት። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። ሳያውቀው ከወንበሩ ተነስቶ ፊቷ ተንበርከከ፤ ፊቱን ከፊቷ ጋር ገጠመ። ዓይኖቿ በእሱ ውስጥ አልፈው ሌላ ቦታ ነበሩ፤ መብራት እንደጠፋበት ቤት መስኮት። ሚጣዬ አላት ቀስ ብሎ፣ አሁን ሲቆጣ ሳይሆን ሲለምን። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ልጅቷ ነፋች፤ አበባው ተሽከረከረ። እሷ እዚያው ካቆመችበት ነው የቀጠለችው። ዶክተሯ በቃ፣ ጎበዝ ብላ አስቆመቻትና ምን እንዳለቻት ጠየቀቻት። ንፊ አሉኝ አለች ሚጣ። ሌላስ? ሌላ ምንም፤ ቢጫውን ዣንጥላ አልሰማችውም። አባትሽስ? ልጅቷ አባቷን ፍለጋ ወደ ወንበሩ ስትዞር እዚያ አጣችው፤ ወዲህ ስትመለስ ከአፍንጫዋ ሥር ተንበርክኮ አገኘችው። ክንዷን ብድግ አድርጋ ጉንጯን ጋረደች።

ሾፌሩ ከተንበረከከበት መነሳት አልቻለም። ዶክተሯ ነርሷን ጠርታ ሚጣ ቀጣዩ ክፍል ሄዳ ሌላ አበባ እንድትመርጥ አደረገች። በሩ ሲዘጋ ወንበሩን ጎተት አድርጋ አጠገቡ አስጠጋችለትና እስኪቀመጥ ጠበቀችው። ከዚያ የሚጥል በሽታ ነው አለችው፤ ቃሉን ከሌላ ከማናቸውም ቃል ሳታስበልጥ፣ ሳታሳንስ።

«ዶክተር፣ ልጄ እኮ ወድቃ አታውቅም።»

«ስሙ ነው የሚያሳስተው። ይሄኛው አይጥልም፤ ለትንሽ ጊዜ ይዟት ሄዶ ይመልሳታል። በቀን ብዙ ጊዜ ይሆናል። እሷ መሄዷንም መመለሷንም አታውቅም።»

የቃል ጽሕፈቱ ትዝ አለው፤ መጀመሪያና መጨረሻው ተጽፎ መሐሉ የጎደለው። ልጅቷ ካልነበረችበት ቦታ ምን ልትጽፍ ኖሯል። እስከ አሁን ያልተናገረውን የመንገዱን ነገርም አሁን ተናገረ። ወዲያው ግን ሌላ ፍርሃት መጣበትና የሕክምና ወረቀቷ ላይ ለበሽታው ሌላ ስም ሊጻፍለት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ሰው ምን ይላል፣ ሴት ልጅ ናት፣ ነገ ትልቅ ትሆናለች፣ ስም ደግሞ አይለቅም አለ። ዶክተሯ እስኪጨርስ ሰማችው። ሌላ ስም ቢሰጠው የሚደበቀው እሱ እንደሚሆን፣ ልጅቷ ግን ሜዳ ላይ እንደምትቀር ነገረችው። መምህሯ ሳታውቅ፣ ጎረቤት ሳያውቅ፣ መንገድ መሐል ብትቆም ማን ይደርስላታል? ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ስለ ጉንጯ ሊናገር ፈለገ፤ እኔ ዛሬ ጠዋት ብሎ ጀመረና ተወው።

«እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር» አለችው ዶክተሯ። «አሁን ያውቃሉ። ከእርስዎ የምፈልገው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።»

በዘር ይኖር እንደሆነ ስትጠይቀው ፈጠን ብሎ የለም አለ። እናቱም አባቱም ጤነኞች ነበሩ፤ ታላቅ ወንድሙም ጤነኛ ነው፣ ዕቃ የሚሸከም ሰው ነው፣ ትንሽ ብቻ ብሎ ቆመ። ትንሽ ምን አለች ዶክተሯ። ፈዘዝ ይላል፣ ልጅ ሆነን ደመና ነበር የምንለው አለና የተናገረው ነገር ለራሱ ጆሮ ደረሰ። ወንድሙ እያወራ መሐል ላይ ዝም ሲል፣ ፊቱ ሲደምን፣ መጀመሪያ የሚስቅበት እሱ ነበር። አባታቸው ይህን ልጅ ገርፌ አነቃዋለሁ እያለ ስንት ቀበቶ በጠሰበት። ከአራተኛ ክፍል ሦስት ጊዜ ወድቆ ትምህርት ተወ። ዶክተሯ ያላየሁትን ሰው ይህ ነው ልል አልችልም አለች። ምናልባት እሱም ነበረበት፣ ምናልባትም አልነበረበትም፤ ነበረበት ከተባለም ብዙዎቹን ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል፤ አሁንም ካልተወው ደግሞ አዋቂዎችን የሚያክም ባልደረባ አለኝ፣ ይምጣ። ለማንኛውም ግን ቢነግሩት ጥሩ ነው አለች።

ሚጣ የአንጎል ምርመራውን ስታደርግ ባለሙያው ራሷ ላይ ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ለጠፈ። ዶክተሯ የምሳ ሰዓቷ ሆኖ ሳለ አልሄደችም፤ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ዳቦ በአንድ እጇ ይዛ ከልጅቷ ጋር የአንጎሏ እንቅስቃሴ በመሥመር የሚወጣበትን ስክሪን ታያለች። እዚህ ጋ እዚሁ ነሽ አለቻት፣ መሥመሮቹ እንደ ረጋ ውኃ የሚፈሱበትን እያሳየች። እዚህ ጋ ሄድሽ፤ መሥመሮቹ ድንገት ተራራ በተራራ ሆኑ። እዚህ ጋ ደግሞ ተመለስሽ። አንጎል መብራት እንዳለበት ቤት እንደሆነ፣ የሷ ቤት መብራት አንዳንዴ እልም ብሎ ወዲያው እንደሚመጣ፣ ይህ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ጥፋት እንዳልሆነ ነገረቻት። «ስሄድ የት ነው የምሄደው?» አለች ሚጣ። ዶክተሯ አሰበችና፣ እሱን እኔም አላውቀውም፤ መመለሻሽን ግን አውቀዋለሁ አለች። ልጅቷ ይህን መልስ የወደደችው ይመስላል፤ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ሾፌሩ በሩ ጋ ቆሞ ይህችን ሴት አያት። በየቀኑ ስንት ሰው እንደሚያጓጉዝ እያሰበ ኮራ ይል ነበር፤ ይቺ ግን አንድ በአንድ ነው የምትመልሳቸው።

ከዚያ ምክሩ መጣ። ሽሮፑ ጠዋትና ማታ እንዳይቋረጥ፣ ደህና ሆናለች ተብሎ እንዳይተው፤ ካስመለሳት፣ ሰውነቷ ላይ ሽፍታ ከወጣ ወይ እንቅልፍ ካበዛባት ፈጥኖ ይዞ መምጣት። እንቅልፍ እንዳታጣ፣ ስትታጠብ በሩን እንዳትቆልፍ፣ ምድጃና ውኃ አጠገብ ብቻዋን እንዳትሆን፣ መንገድ ላይ እጇ እንዲያዝ። ምናልባት አንድ ቀን ወድቃ ብትንቀጠቀጥ በጎኗ አስተኝቶ አፏ ውስጥ ምንም ሳያስገቡ አጠገቧ መሆን፣ ካላቆመ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ። ስትሄድባቸው መነቅነቅም መጮህም አያስፈልግም፤ አጠገቧ ቆሞ መጠበቅ፣ ስትመለስ የተናገሩትን እንደገና መናገር ብቻ ነው። ሾፌሩ እያንዳንዱን እየደገመ ሰማ፤ አዲስ መሥመር ሲመደብለት ፌርማታዎቹን የሚያጠናው እንዲህ ነው። ዶክተሯ የመምህሯን ስልክ ጠይቃው እዚያው ደወለች። ሳትወቅሳት፣ እንደ ሥራ ባልደረባ አዋራቻት፤ ወደ ፊተኛው ወንበር እንድትመልሳት፣ ዝም ስትል እንድትጠብቃት፣ ለክፍሉ ልጆችም እንድታስረዳ፣ ካስፈለገ ራሷ መጥታ እንደምታስረዳላት ነገረቻት። መምህሯ ምን እንዳለች ሾፌሩ አልሰማም። ዶክተሯ ግን አይዞሽ፣ አንቺም አታውቂም ነበር ስትል ሰማ።

መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ሆኖ ለሚስቱ ደወለ። ከጀርባዋ የማጠቢያ ማሽኖቹ ይጮሃሉ። እምቢ ብላ አይደለም አላት፤ አትሰማም ነበር፣ እኔ ራሴ ጠርቼያት አየሁ፣ መድኃኒት ሰጥተዋታል፣ በዶክተሯ አነጋገር ሳይተዋት አይቀርም። ማሽኖቹ ለረጅም ጊዜ ጮሁ። ሚስቱ እንዳልዘጋችው ያወቀው በትንፋሿ ነው። መጨረሻ ላይ «ምሳ በልታለች?» ብላ ጠየቀችው። አልበላችም አላት፤ አብላት አለችው፣ ድምጿ እንባ ያዘለ ነበር። እንቁላል በዳቦ ገዝቶላት በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጠው በሉ። ሲጨርሱ ጠዋት ስለመታሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ አላት። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ተናግሮ አያውቅምና ቃሉ አፉ ውስጥ አልመች አለው። ሚጣ ፍርፋሪውን ከቀሚሷ ላይ እያራገፈች እሺ አለችው። ሲነሱ እጇን ዘረጋችለት።

ወደ ቤት የሚወስደውን አውቶቡስ አሳለፈው። ወንድሙ የሚሠራበት የቤት ዕቃ መጋዘን ከተማው ጫፍ ላይ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የሄደበትን ቀን አያስታውስም። ተጣልተው አይደለም። ወንድሙ ቤት ሲመጣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ሲያወሩት ይስቃል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል፤ እየቆየ መምጣቱንም ተወ፣ ማንም አልጠየቀም። መጋዘኑ ውስጥ እስከ ጣሪያው የተደረደሩ ወንበሮች፣ በፕላስቲክ የተሸፈኑ ፍራሾችና የእንጨት ቀለም ሽታ አሉ። ወንድምየው አንድ ጥግ ላይ ጎንበስ ብሎ የወንበር እግሮችን በካርቶን እየጠቀለለ በፕላስተር ያስራል። ፀጉሩ ሸብቷል። ሲያያቸው ቀና ብሎ ደነገጠ፤ ሰው ሞተ እንዴ አለ። ሾፌሩ ማንም አልሞተም ብሎ ካሳረፈው በኋላ በደንብ ተጠቅልሎ ያለቀ ሶፋ ላይ ሚጣን አስቀመጣት።

የጠዋቱን ከጥፊው ጀምሮ ነገረው። መንገዱን፣ የወረቀት አበባውን፣ ሲጠራት አለመስማቷን። ወንድምየው ፕላስተሩን በእጁ እንደያዘ ይሰማል። ሾፌሩ የሚከብደው ቦታ ሲደርስ ወንድሙን ሳይሆን ካርቶኑን እያየ፣ ዶክተሯ ስለ አንተም ጠየቀችኝ አለው። ሳታይህ አታውቅም፤ ግን ምናልባት አንተም እንደ እሷ ነበርክ፤ ሰነፍ አልነበርክም ይሆናል አለው። ወንድምየው የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሩ ይፈልግ ጀመር።

«አባባ ቀበቶውን ሲያነሳ» አለ በመጨረሻ፣ «ምን እንዳደረግኩ ለማወቅ ፊቱን ነበር የማየው። ፊቱ ላይ ተጽፎ የማገኘው ይመስለኝ ነበር።»

«አሁንስ ያደርግሃል?»

«ኧረ ከተወኝ ዘመን የለውም። እኔ ግን ያው ደመና ሆኜ ቀረሁ።» ሳቅ አለ፤ ሳቁ ቶሎ አለቀ። «መድኃኒት አለው አልክ?»

ሾፌሩ ሽሮፑን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ወንድምየው ፕላስተሩን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገና ጠርሙሱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ አየው፣ ዘቀዘቀው፣ ፈሳሹ በቀስታ ወደ ክዳኑ ሲወርድ ተመለከተ፣ አቃናው። ይቺ ናት አለ። ይቺ ናት አለው ሾፌሩ። ወንድምየው ጠርሙሱን ለሚጣ መልሶ ሰጣት፣ በሰዓቱ ጠጪ፣ እንዳትረሺ አላት። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷቸው ወደተደረደሩት ወንበሮች ዞረና እጁን አንዱ መደገፊያ ላይ አሳርፎ ቆመ። አልተንቀሳቀሰም። ውጭ የጭነት መኪና በኋላ ማርሽ ሲገባ ይሰማል፤ አንድ ሰው ከበሩ ጋ ወንድምየውን በስሙ ጠርቶ መልስ ሲያጣ ሄደ።

ሚጣ ከሶፋው ላይ ሆና ይህን ሁሉ ታያለች። የአባቷን እጅጌ ጎተት አድርጋ በሹክሹክታ ጠየቀችው። «አባዬ፣ እሱም ሄደ እንዴ?»

ሾፌሩ የወንድሙን ትከሻ አየ፤ ትከሻው በለቅሶ ከፍ ዝቅ ይላል።

«አይ፣ እዚሁ ነው» አላት። «እንጠብቀው።»

አጠገቧ ተቀመጠ። ሶፋው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ስለሆነ ሲቀመጥበት ተንኮሻኮሸ፤ ሁለቱም ድምፅ ላለማሰማት ደግመው አልተንቀሳቀሱም።